እጁን ያነሳ ተቆጠረ፤ ያላነሳውስ?



ውድ የመሰላ፣ የጭሮ፣ የሂርና፣ የበዴሳና የገለምሶ መስጂዶች ጀመዓ! በዚህ ዘመን ስለ እኛ የሚናገር ቁጥር በዝቷል። «ከመቶ ይህን ያህሉ ሙስሊም እንዲህ ይላል»፣ «ሕዝቡ ይህን መርጧል»፣ «ብዙኃኑ ደግፏል» የሚል ወሬ በቴሌቪዥን ይመጣል፣ በስልክ ይዞራል፣ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በመስጂድ ደጃፍ ይነገራል። አንዳንዱ ቁጥር ያስከፋናል፣ አንዳንዱ ያስደስተናል። ሁለቱንም ከመቀበላችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለብን እንላለን፦ የተቆጠረው ማን ነው?

ነገሩ የሒሳብ ሰዎች ጨዋታ የሚመስለው ወንድም ካለ ይህን ያስብ። «የጁሙዓው ተቃውሞ ይቀጥል ወይስ ለጊዜው ጋብ ይበል?» የሚል መጠይቅ በስልክ ቢለቀቅና «ከመቶ 90 ይቀጥል ብሏል» የሚል ውጤት ቢወጣ፣ በዚያ ቁጥር ላይ ተቁሞ የሚወሰነው ውሳኔ ሰው የሚታሰርበት፣ ሱቅ የሚዘጋበት፣ እናት በእስር ቤት ደጅ ስንቅ ይዛ የምትቆምበት ውሳኔ ነው። በተቃራኒው «ከመቶ 90 ይብቃ ብሏል» ቢባልም የስንቱ መስዋዕትነት በአንድ ቀን ወሬ ሊጣል ይችላል። ይህን ያህል ሸክም የሚጫንበት ቁጥር የጸና መሠረት ሊኖረው ይገባል። መልስ ለመስጠት የፈቀዱ ሰዎች ብቻ የሞሉት መጠይቅ ያ መሠረት የለውም።

ሚዛኑ ለሁላችንም አንድ ነው

መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊስ ምርጫ በየቀበሌው ሲካሄድ የሕዝበ ሙስሊሙ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ምርጫው በቀበሌ ሳይሆን በመስጂዶቻችን ይሁን። ጥያቄው አልተሰማም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ እንደመረጠ ተነገረን። የእኛ መልስ ምን ነበር? «የወጣውን ሰው ብዛት ብቻ አትንገሩን፤ ማን ወጣ? ማን ቀረ? የቀረውስ ለምን ቀረ?» አልን። ይህ መልስ ትክክል ነበር። ወደ ቀበሌ የሄደና ከቀበሌ የቀረ ሙስሊም አንድ ዓይነት ሐሳብ እንዳለው አድርጎ መቁጠር አይቻልም፤ የለያቸው ራሱ የምርጫው ጉዳይ ነውና።

በቴሌቪዥን ዜናም ላይ «ያነጋገርናቸው ነዋሪዎች ገለጹ» ሲባል እንሰማለን። ሦስት ወይም አራት ሰው ይታያል፣ ሦስቱም አራቱም አንድ ነገር ይናገራሉ፣ ከዚያ «ሕዝቡ» እንዲህ አለ ይባላል። ከካሜራው ፊት ለመቆም የፈቀደውና የተመረጠው ታየ፤ ፊቱን አዙሮ የሄደው አልታየም። ይህንንም አይተን ስንቃወም ትክክል ነበርን።

እንግዲህ ይህ ሚዛን በሌላው ቁጥር ላይ ትክክል ከሆነ በእኛም ቁጥር ላይ ትክክል ነው። ሚዛን ስለሚያጓድሉ ሰዎች አንድ ሙሉ ሱራ ወርዷል። የሚያስከፋንን ቁጥር በጠባብ ወንፊት፣ የሚያስደስተንን በሰፊ ወንፊት የምናሳልፍ ከሆነ ከሱረቱል ሙጠፊፊን ማስጠንቀቂያ አላመለጥንም።

የጆንያው አፍና የጆንያው ሆድ

ገበያ ወጥቶ ማሽላ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይቶ ብቻ አይከፍልም። እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል፣ ከመሐል ይዘግናል፣ ከታች ያወጣል። ጫት የሚገዛውም ዙርባውን ፈታ አድርጎ ውስጡን ያያል። አንድ እፍኝ ስለ ጆንያው ሙሉ ሊመሰክር እንደሚችል ገበሬው ያውቃል፤ የሚመሰክረው ግን ከየትኛውም የጆንያው ክፍል ሊነሳ ይችል የነበረ እፍኝ ሲሆን ነው። በራሱ ፈቃድ መጠይቅ የሞላ ሰው የጆንያው አፍ እህል ነው። ክፉ ነው አላልንም፤ ስለ ሆዱ ሊነግረን አይችልም ነው ያልነው።

በቁጥር እንየው። ምሳሌው ለማስረዳት ብቻ ነው። አንድ ሺህ ሰው ያለበት አካባቢ እንውሰድ። ከእነዚህ 300ው አንድን ሐሳብ አጥብቀው ይደግፋሉ። 700ው አይደግፉትም፤ ግን ጉዳዩ ያን ያህል አያሞቃቸውም። መጠይቅ ተለቀቀ። አጥብቀው ከሚደግፉት ግማሹ፣ ማለትም 150 ሰው፣ መለሰ። ከቀሩት ከአስሩ አንዱ ብቻ፣ ማለትም 70 ሰው፣ መለሰ። መላሾቹ በድምሩ 220 ሆኑ፤ 150ው ደጋፊ ናቸው። «ከመቶ 68 ደግፏል» ተብሎ ይታወጃል። እውነቱ ግን ከመቶ 30 ነው። ማንም አልዋሸም፣ ማንም ቁጥር አልሰረቀም፣ ድምሩም አልተሳሳተም። ውጤቱ ግን ተገልብጧል።

«ችግሩ የመላሾቹ ማነስ ነው፤ ብዙ ሰው ቢመልስ ይስተካከላል» የሚል ይኖራል። አይስተካከልም። ያንኑ መጠይቅ አሥር ሺህ ሰው ወዳለበት ብንወስደው፣ ሰዉ በዚያው ልክ ሲመልስ 1,500 ደጋፊና 700 ተቃዋሚ እናገኛለን። ያው ከመቶ 68። ስህተቱ አብሮ አደገ እንጂ አልቀነሰም። እንዲያውም የባሰ ሆነ፤ 220 ሰው ሲባል የሚጠራጠር ሰው 2,200 ሲባል ያምናልና።

ይህ በዓለም ላይ በአደባባይ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሊደረግ ሲል «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ ታዋቂ መጽሔት አሥር ሚሊዮን ያህል የመጠይቅ ወረቀት በፖስታ ላከ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ሞልቶ መለሰ። መጽሔቱ ከዚያ በፊት በነበሩ ምርጫዎች አሸናፊውን በትክክል ይናገር ስለነበር ሰው ያምነው ነበር። በዚህ ጊዜ አልፍ ላንደን የተባሉት ዕጩ ፍራንክሊን ሩዝቬልትን በሰፊ ልዩነት ያሸንፋሉ አለ። ምርጫው ሲደረግ ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ። ለምን? አድራሻዎቹ የተሰበሰቡት በብዛት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሻል ያለ ኑሮ ያለው ሰው ነው። ወረቀቱ ከደረሳቸውም ውስጥ ሞልተው የመለሱት ከአራቱ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በመንግሥቱ የተከፋው ሰው ለመመለስ ይበልጥ ይተጋ ነበር። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ጋሉፕ የተባለ ሰው ከየሕዝቡ ክፍል እንዲመጣጠኑ አድርጎ ሃምሳ ሺህ ያህል ሰዎችን ብቻ ጠይቆ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፉ ተናግሮ ነበር። መጽሔቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተዘጋ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 29 ቀን ገዢው ፓርቲ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይን በሕዝብ ሞላ። በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት ያንኑ አደባባይ ሞላ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ አደባባዩን ያየ ሰው ከተማዋ የገዢው ፓርቲ ናት ብሎ ሊምል ይችል ነበር። ድምፅ ሲቆጠር ግን ገዢው ፓርቲ ከአዲስ አበባ 23 የፓርላማ ወንበሮች አንዱንም አላገኘም። የቅንጅትን ሰልፍ ብቻ ያየ ሰውም መላው ኢትዮጵያ እንደ አዲስ አበባ ይመርጣል ብሎ ቢገምት፣ በይፋ የታወጀው የአገሪቱ ውጤት ሌላ ነበር፤ በውጤቱ ላይ የተነሳው ክርክርና የፈሰሰው ደም ደግሞ የምናውቀው ነው። አደባባይ የወጣው ሰው ብዛት መውጣቱን ይመሰክራል፤ ቤቱ የቀረውን አይቆጥርም።

በእኛ አገር ማን ይቀራል?

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ምዕራብ ሐረርጌ ወደ 1.87 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው። ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከአስሩ አንድ አይሞላም ነበር። ጭሮ ከተማ ከ33 ሺህ ትንሽ በላይ ሰው ነበራት። ይህ ማለት በዚያ ጊዜ የጭሮ ሰው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ አንድ ሳይቀር ቢመልስ እንኳ ከዞኑ ሕዝብ ከመቶ ሁለት አይሞላም ነበር። የቀረው በጨርጨር ተራሮች ማሽላና ጫት የሚያለማው፣ በሐብሮ ቡና የሚለቅመው፣ በሚኤሶ ቆላ ከብትና ግመል የሚጠብቀው ነው።

እንግዲህ በስልክ የሚዞር መጠይቅ ማንን ያገኛል? ኢንተርኔት የሚከፍት ስልክ ያለውን፣ የአገልግሎት ሒሳብ የሚሞላውን፣ ማንበብ የሚችለውን ያገኛል። መጠይቁ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ሕዝብ አፋን ኦሮሞ በሚናገርበት አገር ገና ከመጀመሪያው ቃል ብዙ ሰው ከደጅ ይቀራል። ይህ ወረቀት ራሱ በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ አንባቢዎቹ የሕዝቡ ሁሉ ምሳሌ እንዳልሆኑ አንዘነጋም።

ከጁሙዓ በኋላ «እጅ አውጡ» ብሎ መቁጠርስ? እዚያም የሚቀሩ አሉ። ከሁሉ በፊት እህቶቻችንና እናቶቻችን ይቀራሉ፤ በብዙ መስጂዶቻችን ለሴቶች የተዘጋጀው ቦታ ጠባብ ነው፣ በአንዳንዱም የለም። ገበያ የዋለው ይቀራል፣ የታመመው ይቀራል፣ ከብት የሚጠብቀው ይቀራል። የመጣውም ቢሆን በጎረቤቱ፣ በአማቱ፣ በአበዳሪው ፊት እጁን ሲያነሳ ወይም ሲያወርድ ልቡ ያለውን ላይናገር ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው፣ ልጁ የታሰረበት፣ «ማን ያየኛል?» ብሎ የሚሰጋው እጁን ኪሱ ውስጥ ያስቀምጣል። ዝም ያለ ሁሉ ደግፏል ማለት አይደለም፤ ተቃውሟል ማለትም አይደለም። አልተጠየቀም ማለት ነው።

ከባሕር ማዶ ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችንስ? በሚኒሶታም ሆነ በጂዳ ያሉት ልባቸው ከእኛ ጋር ነው፤ ዱዓቸውና ድጋፋቸው አይረሳም። ነገር ግን በነጻነት መናገር የሚችሉት፣ ኢንተርኔቱም ጊዜውም ያላቸው እነሱ በመሆናቸው በእንዲህ ያለ መጠይቅ ቀድመው የሚመልሱት እነሱ ናቸው። «ይቀጥል» ወይም «ይቁም» የሚለው ውሳኔ ዋጋ የሚከፈለው ግን እዚህ፣ በመሰላና በጭሮ ነው። የሩቁና የቅርቡ መልስ ሳይለይ አንድ ላይ ተደምሮ «ሕዝቡ» ሲባል፣ ዋጋ ከፋዩ በራሱ ጉዳይ ጥቂቱ ሆኖ ይገኛል።

የመቶኛም ኢስናድ አለው

ዑለማዎቻችን አንድ ዘገባ ሲደርሳቸው ከቃሉ ማማር በፊት ሰንሰለቱን ይመረምራሉ፦ ማን ከማን ሰማ? የሰማው ሰው ታማኝ ነው? እዚያ ነበር? መቶ ሰው አንድን ወሬ ቢያወራ፣ መቶውም ከአንድ ሰው የሰሙት ከሆነ ምንጩ አንድ ነው። ወሬን ሳያጣሩ ሰውን መጉዳት በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለ ነው። የመቶኛ ቁጥርም ወሬ ነው፤ ኢስናዱ ይጠየቅ።

ስለዚህ «ከመቶ ይህን ያህል» የሚል ነገር ሲደርሳችሁ፣ ከየትኛውም ወገን ይምጣ፣ እነዚህን ጠይቁ። ጠያቂው ማን ነው፣ ምን ጥቅም አለው? የተጠየቁት እንዴት ተመረጡ፤ ጠያቂው ሄዶባቸው ነው ወይስ እነሱ መጥተው? ስንት ሰው ተጠይቆ ስንቱ መለሰ፣ ስንቱ እምቢ አለ? ጥያቄው ቃል በቃል ምን ይላል፣ በየትኛው ቋንቋ? መልሱ በምስጢር ነው ወይስ በሰው ፊት? መልስ የሌለው ቁጥር ከሆነ አትደሰቱበት፣ አትቆጡበት፣ ለሌላም አታስተላልፉት።

ታዲያ የሕዝቡን ልብ ማወቅ አይቻልም ማለታችን ነው? አይደለም። መንገዱ በእጃችን ያለ ነገር ነው፦ ዕጣ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡ ከባለቤቶቻቸው ማን አብራቸው እንደምትሄድ በቁርዓ፣ በዕጣ፣ ይለዩ ነበር። የመርየምን አሳዳጊ ለመለየትም ዕጣ ተጥሏል። ዕቁብተኛም ይህን ያውቃል፤ ቀድሞ የጮኸ ብሩን የሚወስድበት ዕቁብ አንድ ወር አይቆይም። ዕጣ ጯኺውንና ዝምተኛውን፣ ባለሀብቱንና ድሃውን አያውቅም። ለዚህ ነው ፍትሐዊ የሚሆነው፤ ለዚህም ነው የተጠያቂ ምርጫን ከጠያቂውም ከተጠያቂውም ፍላጎት የሚያላቅቀው።

በአንድ ወረዳ ይህን ማድረግ ይቻላል። የመንደሮቹና የመስጂዶቹ ዝርዝር ይጻፍ፤ ሩቆቹና ትንንሾቹ ሳይቀሩ። ከዝርዝሩ በዕጣ ይውጣ። በወጣው ቦታ አባወራና እማወራ ሁሉ ተመዝግበው ዳግመኛ ዕጣ ይጣል። ዕጣ የወጣበት ቤት ሰው ካልተገኘ ጎረቤቱን በምትኩ መጠየቅ አይቻልም፤ ተመልሶ ሁለቴ ሦስቴ መሄድ ነው። ከአንድ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ አባወራው ብቻ አይጠየቅ፤ ሴቶችን ሴቶች ይጠይቁ። ጥያቄው ሰው በሚናገረው ቋንቋ ይሁን። መልሱ በምስጢር ይሁን፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በተከደነ ማሰሮ ውስጥ ባቄላ ወይም በቆሎ በመጣል መመለስ ይችላል። ስም አይጻፍ። በመጨረሻም ስንቱ እንደመለሰና ስንቱ እምቢ እንዳለ ሳይደበቅ ይነገር።

በንጹሕ ዕጣ የወጡ 400 ሰዎች በዚህ ዓይነት ከመለሱ፣ ውጤቱ ከመቶው ጊዜ በ95ቱ ከእውነተኛው ቁጥር ከመቶ አምስት ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ከማለት አያልፍም። ሰዎቹ ከጥቂት መንደሮች ብቻ ከተወሰዱ ልዩነቱ ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ መንደሮቹን ማብዛት ነው። በዕጣ የወጡ አራት መቶ ሰዎች በስልክ ፈቅደው ከመለሱ አርባ ሺህ ሰዎች ይልቅ እውነቱን የሚናገሩት ለዚህ ነው። ይህም ቢሆን ለሹራ ግብዓት ነው እንጂ የሹራ ምትክ አይደለም። የሰውን ልብ ካወቁ በኋላ ማመዛዘኑ፣ ዕውቀት ያላቸውን መጠየቁ፣ ኃላፊነቱን መሸከሙ ይቀራል።

መብት በመቶኛ አይለካም

አንዳንድ ወንድሞች «ቁጥሩን ከጣልን ክርክራችን ይደክማል» ብለው ይሰጋሉ። እኛ ደግሞ ተቃራኒውን እንላለን። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11፣ የእምነት ነጻነት ደግሞ በአንቀጽ 27 ተጽፏል። ይህ መብት ከመቶ 90 ሲደግፈው የሚኖር፣ ከመቶ 40 ሲደግፈው የሚሞት አይደለም። አንድ ሙስሊም ብቻውን ቢጠይቀውም መብቱ ነው። ሰላማዊ ተቃውሞ ምስክርነት ነው፣ ፊርማም ምስክርነት ነው፤ የቆመውና የፈረመው ሰው ስለ ራሱ ይመሰክራል፣ ምስክርነቱም ሙሉ ነው። ምስክርነትን ቆጠራ ነው ብለን ስናቀርበው ግን ሊፈርስ በሚችል ግድግዳ ላይ እንደገፋዋለን። ነገ ሌላ ሰው ሌላ መጠይቅ ለቅቆ ሌላ ቁጥር ቢያመጣ፣ በቁጥሩ የቆመ ክርክር በቁጥሩ ይወድቃል።

በዚህ ወረቀት ላይ ተጠያቂዎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ ስንቱ እንደተጠየቀና ስንቱ እንደመለሰ የማይናገር የመቶኛ ቁጥር አናትምም፤ ለእኛ የሚያደላ ቢሆንም። የአንባቢን አመኔታ እንደ አማና እናየዋለን።

ውድ ጀመዓ! የትግላችን ጥሪ «ድምፃችን ይሰማ» ነበር። ይህን ያልን ሰዎች የሌላው ድምፅ ሳይሰማ «ሁሉም ተናገረ» ልንል አይገባም። ዛሬ ከመስጂድ ስትወጡ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ከዚያ ጥቂት ታገሱና እሱ ምን እንደሚያስብ ጠይቁት፤ ምናልባት እስከ ዛሬ የጠየቀው ሰው የለም።

አላህ እውነትን እውነት አድርጎ አሳይቶ እንድንከተለው፣ ሐሰትንም ሐሰት አድርጎ አሳይቶ እንድንርቀው ያድርገን። አሚን።

አላሁ አክበር!